ብርድ ያልሠራው ጥፋት

የጀልባ ሞተሮች በደጋ ሐይቆቻችን ላይ ለምን ይለግማሉ?

ታኅሣሥ ነው። አዲስ አበባ፣ ጠመንጃ ያዥ ውስጥ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ ባለ አንድ የጋራዥ ግቢ፣ ክዳኑ የተቆረጠ በርሜል እስከ ጠርዙ ውሃ ተሞልቶ ቆሟል። በወፍራም ጣውላ ታስሮ ከበርሜሉ ላይ የተንጠለጠለው የመኪና ሞተር አይደለም። ረጅም እግር ያለው፣ ጫፉ ላይ ባለሦስት ክንፍ መቅዘፊያ የተገጠመለት የጀልባ ሞተር ነው። የመጣው ከወንጪ ሐይቅ ነው። ይዞት የመጣው ወጣት ጋቢውን እንደተከናነበ ለመካኒኩ ያስረዳል፦ «ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት ይለግማል። ቢነሣም ያጨሳል፤ ጉልበት የለውም። የእኛ ውሃ እጅ ያደነዝዛል። ብርዱ ነው ያበላሸው።»

መካኒኩ ወዲያው አልመለሰም። የሞተሩን ክዳን አነሣ፤ ካንዴላውን ፈታና ወደ ብርሃን ዞሮ አየው። ጫፉ ጥቁርና ርጥብ ነው፤ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ቀጥሎ ከሲሊንደሩ ራስ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ክዳን በቁልፍ ከፈተና ጣቱን ከተተ። ውስጧ ባዶ ነው።

«ቴርሞስታቱን ማን ነው ያወለቀው?»

ባሕር ዳር ሄዶ ወደ ዘጌ ገዳማት የተሻገረ፣ ሐዋሳ ላይ ለሽርሽር የወጣ፣ ወይም አርባ ምንጭ ወርዶ ጫሞ ላይ የአዞ ገበያን ያየ ሰው ሁሉ ይህን ዓይነት ሞተር ያውቀዋል። መሃል ሐይቅ ላይ ድንገት ጸጥ ሲል የሚመጣውን ፍርሃት የቀመሰም ብዙ ነው። ለምን ጸጥ እንዳለ ሲጠየቅ የሚሰጠው ምክንያት ግን፣ በተለይ በደጋው፣ አንድ ነው፦ ብርድ። ብርድ የራሱ ድርሻ አለው፤ አይካድም። ነገር ግን በብርድ የሚመካኙት ብልሽቶች አብዛኞቹ ከቦታው ከፍታ፣ ከቤንዚኑና ከሰው እጅ የሚመጡ ናቸው። ስለዚህም ሊቀሩ የሚችሉ ናቸው።

ከቀዝቃዛ አገር የመጣ ሞተር

ከታሪኩ ብንነሣ፣ ይህ ሞተር ለቀዝቃዛ ውሃ እንግዳ አይደለም። ኦሌ ኤቪንሩድ የሚባለው የኖርዌይ ተወላጅ፣ በክረምት ሐይቅ ወደ በረዶ በሚለወጥባት በአሜሪካዋ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ሚልዋኪ ከተማ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1909 ከጀልባ ኋላ እየተሰቀለ የሚወርድ ሞተር ለገበያ አቀረበ። ከእርሱ በፊት የሞከሩ ነበሩ፤ በሰፊው የተሸጠው ግን የእርሱ ነው። በስሙ የሚጠራው ሞተር እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ድረስ ሲመረት ቆይቷል። ዛሬም በኖርዌይ ፊዮርዶችና በካናዳ ሐይቆች ላይ፣ ከወንጪ በብዙ በሚቀዘቅዝ ውሃ ውስጥ፣ የዚህ ዘር ሞተሮች በየቀኑ ይሠራሉ። እዚያ የማይገድል ብርድ እዚህ ለምን ይገድላል?

ወደ እኛ አገር ሐይቆች ሞተሩ በስፋት የገባው ዘግይቶ ነው። ጣና ላይ ለዘመናት ሰውም እህልም ማገዶም ያሻገረው የደንገል ታንኳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ግብርና ሚኒስቴር፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና ሁለት የኔዘርላንድ ድርጅቶች በጋራ የጀመሩት የዓሣ ሀብት ፕሮግራም ባለሞተር ጀልባዎችንና የናይለን መረቦችን ይዞ መጣ። ዓሣ አጥማጁ ቀድሞ በቀዘፋ የማይደርስበት የሐይቁ መሃል ተከፈተለት። ከዚያ ወዲህ የአስጎብኚ ጀልባዎችም በዙ። የሞተሩ ባለሙያ ግን በዚያው ልክ አልበዛም። በየሐይቁ ዳር ሞተር የሚጠግነው አብዛኛውን ጊዜ የመኪና ወይም የሞተር ሳይክል መካኒክ ነው፤ ነገሩ ሲከብደው ሞተሩ በአይሱዙ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። ጠመንጃ ያዥ ግቢ ውስጥ ያ በርሜል የቆመው ለዚህ ነው።

የሳሳው አየር

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የወንጪ ሐይቅ ወደ 2,900 ሜትር ይጠጋል። ጣና 1,800 ሜትር አካባቢ ነው፤ ዝዋይ ከዚያ ዝቅ ይላል፤ ጫሞ ደግሞ 1,100 ሜትር ላይ ይተኛል። እነዚህ ቁጥሮች የጂኦግራፊ ፈተና ብቻ የሚመስሉት ሰው የጀልባ ሞተር ይዞ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ዋጋቸውን ያውቃል።

ቤንዚን ብቻውን አይነድድም፤ አየር ይፈልጋል። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በመካኒኮች ዘንድ የተለመደው ስሌት፣ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል የሚል ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ 40 ፈረስ ጉልበት የተጻፈበት ሞተር ጣና ላይ ወደ 33፣ ወንጪ ላይ ደግሞ ወደ 28 ይወርዳል። ባለጀልባው የከፈለው ለ40 ነው፤ ጀልባውንም የሚጭነው በ40 ልክ ነው። «ጉልበት የለውም» የሚለው ቅሬታ ግማሹ እዚህ ያልቃል። ሞተሩ አልታመመም። የታሰበለት ጭነት ነው ልክ ያልሆነው።

ቀሪው ግማሽ የካርቡሬተሩ ነው። ካርቡሬተር ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባት፣ መሃሏ የተበሳ ትንሽ የነሐስ ብሎን አለች። ቀዳዳዋ የተለካችው ለባሕር ወለል አየር ነው። ደጋ ላይ አየሩ ሲቀንስ እርሷ የምታሳልፈው ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ቅልቅሉ ቤንዚን ይበዛበታል። ምልክቱ ያ ጥቁር ርጥብ ካንዴላ ነው። ጭሱም፣ የጠዋቱ ልግመትም፣ የቤንዚን ብላቱም ከዚሁ ይመጣሉ። መፍትሔው ቀዳዳዋ ጠበብ ያለች ብሎን መግጠም ነው፤ ዋጋዋ ከአንድ ጉዞ ኪሳራ ያንሳል።

አደጋው የሚመጣው ይህ ሲገለበጥ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአዲስ አበባ አየር፣ ድምፁ እስኪጠራ የተስተካከለ ሞተር ወደ ጫሞ ሲወርድ የሚያገኘው አየር ወፍራም ነው፤ ቤንዚኑ ግን እዚህ በጠበበው ልክ ነው። ካንዴላው ነጭ ይሆናል፤ ሙቀቱ ይጨምራል። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ በሚገባባቸው ባለሁለት ምት ሞተሮች ላይ ደግሞ ቤንዚኑ ሲያንስ ዘይቱም አብሮ ያንሳል።

> አዲስ አበባ ላይ ድምፁ የጠራ ሞተር ጫሞ ላይ ፒስተኑን ሊያቀልጥ ይችላል።

አዞና ጉማሬ ባለበት ውሃ መሃል ይህ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እንዲህ ሆኖም ሞተር ለጥገና ሲመጣ «የየት ሐይቅ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ መካኒክ እምብዛም ነው። ባለቤቱም አይናገርም፤ ልዩነት ያመጣል ብሎ አላሰበማ።

አዳዲሶቹ ቤንዚን በኮምፒውተር የሚረጩ ባለአራት ምት ሞተሮች ቅልቅሉን ራሳቸው ያስተካክላሉ። የጠፋውን ጉልበት ግን እነርሱም አይመልሱትም። ለደጋ ሐይቅ የሚበጀው፣ በአንድ ዙር የሚገፋው ርቀት አጠር ያለ መቅዘፊያ መምረጥ ነው። ይህ ርቀት በኢንች ይለካል፤ አንድ ኢንች ሲቀነስ የሞተሩ ዙር በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል፤ ሞተሩም ሳይታፈን ይሠራል። ጀልባው ትንሽ ይዘገያል። መንገደኛው ግን ይደርሳል።

ቀዝቃዛ ውሃ በእርግጥ የሚያደርገው

አሁን ወደ ብርዱ እንመለስ። የጀልባ ሞተር ራዲያተር የለውም። ከሥሩ፣ ከመቅዘፊያው ከፍ ብሎ ባሉ ወንፊት መሰል ቀዳዳዎች የሐይቁን ውሃ ይስባል፤ የጎማ ክንፍ ያላት ትንሽ ፖምፓ ወደ ላይ ትገፋዋለች፤ ውሃው ሲሊንደሩን ዞሮ ከጭሱ ጋር ይወጣል። ስለዚህ የሐይቁ ብርድ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ሆድ ይገባል። ይህን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ነው፦ ሞተሩ እንደ ዓይነቱ 50 ወይም 60 ዲግሪ አካባቢ እስኪሞቅ ድረስ ውሃውን ያግዳል፤ ከዚያ በልኩ ይለቃል።

አገራችን ውስጥ ቴርሞስታት ማውለቅ የቆየ ልማድ ነው። አሮጌ መኪና ውሃ ባፈላ ቁጥር መጀመሪያ የሚወልቀው እርሱ ነው፤ «ለሞቃት አገር ምን ያደርጋል?» ይባላል። ልማዱ ከመኪናው ወደ ጀልባው ተሻገረ። ወንጪ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ባለፈው ዓመት ሞተሩ ግሎ ነበር፤ አንድ ሰው ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለው፤ ግለቱም ጠፋ። ከዚያ በኋላ ግን ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎም አይሞቅም። በቀዘቀዘ ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚን በደንብ አይተንም፤ ግድግዳው ላይ ይንጠባጠባል፣ ዘይቱን ያጥባል፣ ካንዴላውን ያረጥባል። የከፍታው የቤንዚን ብዛት ሲጨመርበት፣ ጋቢ የለበሰው ወጣት የነገረን ታሪክ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ወጣቱ ብርድ ማለቱ ስህተት አልነበረም። ብርዱን የሚያግደው ዘበኛ ከበሩ መነሣቱን ግን የነገረው የለም።

ባለአራት ምት ሞተር ላይ ነገሩ ይበልጥ ያታልላል። ያልተነነው ቤንዚን ወደ ታች ወርዶ ከሞተሩ ዘይት ጋር ይቀላቀላል፤ የዘይቱ መጠንም ይጨምራል። ባለጀልባው መለኪያዋን አውጥቶ ያያል፤ ዘይቱ ከምልክቱ አልፏል። «ዘይት አይበላም» ብሎ ይደሰታል። ያ ዘይት ግን ቀጥኗል፤ ቢሸት ቤንዚን ነው፤ ተሸካሚ ብረቶቹን ሊጠብቅ አይችልም። ቀኑን ሙሉ በዝግታ መረብ የሚጎትቱ ጀልባዎች ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

ሌላው የቀዝቃዛ ውሃ ጉዳት የችኮላ ነው። ጣና ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ ማዕበሉ ትንንሽ ጀልባዎችን ያስቸግራል። ስለዚህ ነጂዎች ማልደው መውጣት ይመርጣሉ፤ ልክ ነው፤ ጥሩ ልማድ ነው። ሞተሩ እንደተነሣ ግን እንግዶቹ ተሳፍረው፣ ነጂው ሙሉ ነዳጅ ይሰጣል። በዚያች ደቂቃ ፒስተኑ በእሳቱ ይግላል፤ የሲሊንደሩ ግድግዳ ግን በሐይቁ ውሃ ቀዝቅዞ ይቆያል። ፒስተኑ አልሙኒየም ነው፤ አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ይሰፋል። ቦታ ሲጠበው ግድግዳውን ይነክሳል። ሞተሩ ሲከፈት ጭረቱ በፒስተኑ ዙሪያ ይታያል፤ ነጂውም «ዘይት አላነሰውም ነበር» ብሎ ይምላል። እውነቱን ነው። ያነሰው ዘይት ሳይሆን ጊዜ ነው። ሦስት አራት ደቂቃ በዝግታ ማሞቅ፣ ከዚያም ቀስ እያሉ መጨመር ያንን ፒስተን ያተርፈው ነበር።

> ያነሰው ዘይት ሳይሆን ጊዜ ነው።

ጀሪካኑ ውስጥ ያለው

የቤንዚኑን ነገር ሳናነሣ ማለፍ አይቻልም። የጀልባ ነዳጅ የሚመጣው በጀሪካን ነው። በጀሪካን መቅዳት በየጊዜው ስለሚከለከል ባለጀልባው ያገኘ ዕለት ገዝቶ ያስቀምጣል፤ ወይም ከመንገድ ዳር ሻጭ ይወስዳል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን በሞቀ ሞተር ይነድዳል፤ በቀዘቀዘ ማለዳ ግን እንቢ ይላል። ተቀምጦ የከረመ ቤንዚንም ቶሎ የሚተነው ክፍሉ ስለሚሄድ እንዲሁ ነው። እዚህም «ብርድ ነው» ይባላል።

ውሃም አለ። ግማሽ የሆነ ታንከር ቀን በፀሐይ ሲሞቅ፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ፣ ባዶው ክፍል ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ ጠብታ ይለወጣል፤ ውሃ ከቤንዚን ይከብዳልና ከሥር ይተኛል። ጠዋት ሞተሩ መጀመሪያ የሚስበው እርሱን ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል በአዲስ አበባ ከቤንዚን ጋር እየተቀላቀለ በተሸጠባቸው ዓመታት ይህ ይበልጥ ያሳስብ ነበር፤ ኢታኖል ውሃ ይስባል፣ ከበዛም ከቤንዚኑ ተለይቶ አብሮት ይዘቅጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ታንከሩን ሞልቶ ማሳደር፣ ውሃ የሚለይ ፊልትሮ መግጠም፣ አልፎ አልፎም ትንሽ ቤንዚን በብርጭቆ ቀድቶ ማየት።

ስለ ዘይት አንድ ነገር። ብዙዎቹ ዘመናዊ ባለሁለት ምት ሞተሮች የሚፈልጉት 50 እጅ ቤንዚን ለአንድ እጅ ዘይት ነው፤ ለ25 ሊትር ግማሽ ሊትር ማለት ነው። «ለጥንቃቄ» ብሎ እጥፍ የሚጨምር ሰው ጭስና የታፈነ ካንዴላ ይገዛል። የሞተር ሳይክል ዘይትም አይተካውም። የጀልባ ሞተር በውሃ ስለሚቀዘቅዝ አመድ የማይተው ዘይት ይፈልጋል፤ ጣሳው ላይ ቲሲ-ደብሊው 3 የሚል ምልክት ያለበት ነው።

መሃል ሐይቅ ላይ ሲቆም

ልምድ ያላቸው ነጂዎች ሞተር ሲቆም ቁልፍ አያነሡም። መጀመሪያ የሚያዩት ከሞተሩ ጋር በክሊፕ የተያያዘችውን ቀይ ገመድ ነው፤ ከተነቀለች ሞተሩ አይነሣም። ብዙ ሰው ገመዷን ሳያይ ክንዱ እስኪዝል ይጎትታል። ከዚያ የታንከሩን ክዳን ያያሉ፤ አየር የምታስገባዋ ብሎን ከተዘጋች ቤንዚኑ አይወርድም፤ ሞተሩ ጥቂት ሄዶ ይጠፋል። ቤንዚን የሚገፋውን የጎማ አምፖል ይጨብጣሉ፤ ካልጠነከረ መስመሩ አየር ይስባል። ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን፣ ቾኩ በሞቀ ሞተር ላይ ሳይመለስ አለመቅረቱን ያረጋግጣሉ። ካንዴላ የሚፈታው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቡና መልክ ካለው ደኅና ነው።

ሞተሩ እየጮኸ ጀልባው ካልሄደ ችግሩ ወደ ታች ነው፦ የመቅዘፊያው ፒን ተሰብሯል፣ ወይም መሃሉ ያለው ጎማ ሾልኳል። ድንጋይ ሲመታ ማርሹ እንዳይሰበር ፒኗ ትሰበራለች፤ የተሠራችውም ለዚሁ ነው። ትርፍ ፒን ሳይዙ መውጣት ታዲያ ምን ይባላል? በምስማር መተካት ደግሞ የአንድ ጉዞ መፍትሔ እንጂ ጥገና አይደለም።

ከሁሉ በላይ ዓይን የማይለያት ከሞተሩ ጎን የምትፈሰዋ ቀጭን የውሃ ክር ናት። ስትቀጥን ወይም ስትቆም ፖምፓዋ ውሃ አልሳበችም ማለት ነው፤ ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። ጣና ላይ የምትቆምበት ምክንያት ብዙ ነው። በክረምት ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የሚያመጡት ደለል የፖምፓዋን የጎማ ክንፍ እንደ ሞረድ ይበላታል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሰሜናዊው ዳርቻ የተንሰራፋው እምቦጭ ደግሞ መቅዘፊያው ላይ ይጠመጠማል፣ የውሃ መሳቢያውንም ይደፍናል። ያን ጊዜ ሐይቁ የቱንም ያህል ቢቀዘቅዝ ሞተሩ ይቃጠላል። የጎማዋ ክንፍ በዓመት ወይም በሁለት ዓመት መለወጥ አለባት። ያለ ውሃ፣ ለጥቂት ሰከንድ እንኳ፣ ሞተር አስነሥቶ «ልስማው» ማለት እርሷን መግደል ነው። ጠመንጃ ያዥ ያለው በርሜል በውሃ የተሞላው ለዚሁ ነው።

በርሜል ሐይቅ አይሆንም

መካኒኩ አዲስ ቴርሞስታት ገጠመ፤ ካርቡሬተሩን አጠበ፤ የነሐሷን ብሎን ቀዳዳዋ በጠበበች ለወጠ። ሞተሩ በሁለተኛው ጉተታ ተነሣ፤ ጭሱ ቀስ በቀስ ሳሳ። ወጣቱ ተደስቶ ገንዘብ ሊቆጥር ሲል መካኒኩ አስቆመው። በርሜል ውስጥ ሙሉ ነዳጅ መስጠት አይቻልም፤ ጭነት የለም፤ የጠመንጃ ያዥ አየርም የወንጪ አይደለም፤ ከወንጪ 500 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። «እዚያ ሄደህ ሰው ጭነህ ነድተህ፣ ካንዴላውን ፍታና ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ» አለው። ጥሩ መካኒክ ማለት ይህ ነው እላለሁ፤ ሥራውን በርሜሉ ጫፍ ላይ አልጨረሰም።

ወንጪ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት የታቀፈ ስፍራ ነው፤ የዓለም ቱሪዝም ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መርጦታል። በእሳተ ገሞራው ጉድጓድ ውስጥ የሚኖረው ገበሬና በደሴቷ ላይ ወዳለው የቂርቆስ ገዳም የሚሻገረው ምእመን ግን እንግዳ ከመምጣቱ በፊትም ውሃውን ይሻገር ነበር። እንዲህ ላለ ትንሽና ከፍ ያለ ሐይቅ የባትሪ ሞተር ይበልጥ የሚስማማ ይመስለኛል። የባትሪ ሞተር አየር አይፈልግምና ከፍታው ጉልበቱን አይቀንስበትም፤ ውሃውንም በዘይት አይበክልም። ለጣና ስፋት ግን ገና ነው፤ ከባሕር ዳር ደቅ ደሴት ደርሶ ለመመለስ በቂ ባትሪ መጫን ለትንሽ ጀልባ ቀላል አይደለም። ቤንዚኑ ሞተር ከእኛ ጋር ይቆያል።

ስለዚህ የጀልባ ማኅበራት ሆይ፣ ሞተር ለጥገና ስትልኩ ከባለቤቱ ስም አጠገብ የሐይቁን ስም ጻፉበት። መካኒኮችም «የየት ሐይቅ ነው?» ሳትሉ ካርቡሬተር አትንኩ፤ ቴርሞስታትም አውልቃችሁ አትጣሉ። የክልል ትራንስፖርትና ቱሪዝም ቢሮዎች ለነጂዎች ፈቃድ ስትሰጡ መንዳትን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ፈትኑ። ተሳፋሪም ብትሆኑ፣ ከመሳፈራችሁ በፊት የሕይወት ጃኬትና መቅዘፊያ እንጨት በጀልባው ውስጥ መኖሩን እዩ፤ ከሌለ አትሳፈሩ።